ሲሞት ብቻውን የሚሞት

ቆይ፣ አትለፈው። ግራፊክስ ካርዱን አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ከሁሉም በታች በመጨረሻ የጻፍከውን አሳየኝ። «ፓወር ሰፕላይ፣ 750 ዋት፣ መብራት ያለው ፋን፣ ርካሽ።» «ርካሽ» ብለህ በራስህ እጅ ጻፍክበት እኮ!

እንዴት እንደመረጥከው አውቃለሁ። ለካርዱ ስንት ቪዲዮ አየህ፣ ለፕሮሰሰሩ ከጓደኞችህ ጋር እስክትኳረፉ ተከራከርክ፣ ኬዙን በመስታወቱ ወደድከው። ከዚያ የተረፈውን ብር ቆጠርክና በዚያች ብር የሚገኘውን ሳጥን ከሥር ጨመርክ። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ አልፈርድብህም። ፓወር ሰፕላይ ጌሙን አያፈጥንም፣ ምስሉን አያሳምርም፣ ኬዙ ሥር ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ለጓደኛም አይታይም። ነገር ግን እዚያ ኬዝ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር ፊት ለፊት የሚጋፈጠው እሱ ብቻ ነው። ማዘርቦርዱም፣ ካርዱም፣ ኤስኤስዲውም እሱ ቀንሶና አስተካክሎ የሚሰጣቸውን 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ነው የሚበሉት። እሱ ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

በል ፎቶውን አስፋው። ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን «750» ተወው፤ እሱ ለዓይን ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ፈልግልኝ። አገኘኸው? +12 ቮልት ከሚለው ሥር ስንት አምፒር ይላል? 24? አባዛው። 12 በ24፣ 288። ዛሬ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከዚህ ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ስለዚህ 750 የተባለው ዕቃ ለአንተ ጉዳይ 288 ዋት ነው ማለት ነው። የቀረው የት ሄደ? ከፊሉ በ5 እና በ3.3 ቮልት መስመሮች ላይ ተደምሮልሃል፣ እነሱን ደግሞ የአሁን ኮምፒውተር ብዙ አይነካቸውም። ከፊሉ ለቅጽበት ብቻ ሊደርስበት ይችላል የሚባል ቁጥር ነው። ከፊሉ ቀለም ነው። ሻጩን ዋሸ አልለውም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው የሚያነብልህ። አንተ ግን ሰንጠረዡን አንብብ። የእውነት 650 ዋት የሆነ ፓወር ሰፕላይ በ12 ቮልቱ መስመር ላይ ወደ 54 አምፒር ይጽፋል፣ ስታባዛው 648 ይመጣል። ፊቱና ጎኑ ይስማማሉ። ሰንጠረዥ የሌለው ወይም ሻጩ ፎቶውን ሊልክልህ የማይፈልግ ከሆነ ደግሞ ጊዜህን አታባክን፤ ወደሚቀጥለው እለፍ።

አሁን የሚያስፈልግህን እንደምረው። ራይዘን 5 5600፣ ካርቶኑ ላይ 65 ዋት ይላል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ከዚያ ያልፋል፣ 88 እንበለው። አርቲኤክስ 3060፣ 170። ማዘርቦርድ፣ ሜሞሪ፣ ኤስኤስዲ፣ ፋኖች፣ ኪቦርድህ ላይ የሚያብለጨልጨው ሁሉ ተደምሮ 50 እንበለው። ሦስት መቶ አሥር አካባቢ ገባን። የካርዱ ኩባንያ ኤንቪዲያ ግን ለዚህ ካርድ 550 ዋት ይመክራል። ለምን አልከኝ? አንደኛ፣ ምን ዓይነት ፓወር ሰፕላይ እንዳለህ ስለማያውቅ አስፍቶ ነው የሚናገረው። ሁለተኛ፣ ካርድ ሁሌ አማካዩን ብቻ አይበላም። ጌሙ ውስጥ ፍንዳታ ሲመጣ፣ ትዕይንቱ ድንገት ሲቀየር፣ ከሰከንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ከተጻፈው ብዙ አልፎ ይስባል። 320 ዋት የሚባለው አርቲኤክስ 3080 በወጣ ጊዜ በወረቀት የሚበቃ ፓወር ሰፕላይ ያላቸው ሰዎች ጌም መሀል ኮምፒውተራቸው ድርግም እያለ ያስቸገራቸው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው ደረጃ አንዱ ሥራው ይህን መልክ ማስያዝ ነበር። ለአዲሶቹ ትልልቅ ካርዶች የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ከአቅሙ እጥፍ ቢጠየቅ ሳይጠፋ እንዲችል ይጠይቃል።

ስለዚህ ሐቀኛ የሆነ 550 ላንተ ይበቃል። እኔ ግን 650 ውሰድ እልሃለሁ፣ ምክንያቱም አውቅሃለሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይቺን ካርድ ሸጠህ 200 ወይም 220 ዋት የምትበላ ትገዛለህ፣ ያኔ እኔ ጋ መጥተህ «ፓወር ሰፕላዩም መቀየር አለበት እንዴ?» ብለህ እንድታኮርፍ አልፈልግም። 850 እና 1000 ያልካቸውን ተዋቸው። አርቲኤክስ 5090 ብቻውን 575 ዋት ይበላል፤ እሱን የሚገዛ ሰው 1000 ይግዛ፣ የእኔንም ምክር አይጠይቅም። በዚያ ብር መጥፎ 850 ከምትገዛ ጥሩ 550 ግዛ።

እዚህ ላይ በደንብ ስማኝ፣ ምክሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ፓወር ሰፕላይ ስትመርጥ «ምን ያህል ይሰጣል?» ብለህ አትጀምር፤ «ሲበላሽ ምን ይዞ ይሄዳል?» ብለህ ጀምር። ሁሉም አንድ ቀን ይበላሻል። ጥሩው ሲበላሽ ዝም ይላል፤ አዲስ ትገዛለህ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። መጥፎው እንደ አህያዋ ነው፣ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ብሎ ማዘርቦርዱንም ካርዱንም ይዞ ይሄዳል። እኔ ጋ ለጥገና ከሚመጣው ኮምፒውተር ሁሉ የሚያሳዝነኝ የሞተው ፓወር ሰፕላይ አይደለም፤ አብሮት የሄደው ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ውስጡ ያሉ መከላከያዎች ናቸው። ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥ፣ ከልክ ሲወርድ የሚቆርጥ፣ ከአቅም በላይ ሲሳብ የሚቆርጥ፣ ሾርት ሲኖር የሚቆርጥ፣ ሲግል የሚቆርጥ። አምራቹ ስለ ዕቃው በጻፈው ገጽ ላይ እነዚህን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ካገኘኸው ጥሩ ምልክት ነው፤ «ሙሉ መከላከያ» ብቻ ብሎ ካለፈው አልጻፈም ቁጠረው።

«80 ፕላስ ጎልድ ይላል እኮ» ልትለኝ ነው። ይበል። 80 ፕላስ የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከግድግዳ ከሚወስደው ስንቱን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስና ስንቱን በሙቀት እንደሚያባክን። በግማሽ ጭነት ላይ ብሮንዙ 85 ከመቶ፣ ጎልዱ 90 ከመቶ ያደርሳል። ለመብራት ክፍያ ብለህ ጎልድ አትግዛ። ባንተ 310 ዋት ልዩነቱ 20 ዋት ነው፣ በየቀኑ አምስት ሰዓት ብትጫወት (እናታችን አትስማ) በወር 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ጎልድ የሚባሉት ብዙውን ጊዜ ከብሮንዙ የተሻለ ተሠርተው ይገኛሉ፣ ለዚያ ከሆነ እሺ። ግን ማኅተሙ ስለ መከላከያ ምንም አይናገርም።

ማስረጃ ከፈለግክ የጊጋባይትን ታሪክ ልንገርህ፣ በአደባባይ የታወቀ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ግራፊክስ ካርድ ከገበያ ጠፍቶ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ኒውኤግ የሚባለው ትልቅ ሻጭ ካርዱን ለብቻው አልሸጥም፣ ከፓወር ሰፕላይ ጋር ውሰዱ ማለት ጀመረ። አብረው ከተሸጡት ውስጥ ጂፒ-ፒ750ጂኤም የተባለው የጊጋባይት ሥራ ነበረበት። 80 ፕላስ ጎልድ ነው፣ ስሙም ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጌመርስ ኔክሰስ የተባሉት የዕቃ ፈታሾች በርከት አድርገው ገዝተው ሲፈትኑት ከፊሉ እየጮኸና እየፈነዳ ሞተባቸው። ኩባንያው በዚያው ነሐሴ መግለጫ አወጣ፤ ከአቅም በላይ ሲሳብ የሚቆርጠውን መከላከያ ከ120 እስከ 150 ከመቶ የነበረውን ወደ 110 እስከ 120 ማውረዱንና የተወሰኑትን እንደሚቀይር ተናገረ። ተመልከት እንግዲህ፣ ጎልድ የሚለው ማኅተም እዚያው ላይ እንዳለ ነው የፈነዳው። ስለዚህ የኩባንያ ስም አይተህ አትግዛ፤ የሞዴሉን ስም ይዘህ የፈቱትና የፈተኑት ሰዎች ምን እንዳሉ ፈልግ። አንዱ ኩባንያ ጥሩም መጥፎም ይሸጣል፣ ብዙዎቹም ራሳቸው አይሠሩትም፣ ሌላ ፋብሪካ ሠርቶላቸው ስማቸውን ይለጥፋሉ። ሲሶኒክ ራሱ ከሚሠሩት ነው። ኮርሴር ያሠራል፣ ግን አርኤም የሚባሉት መስመሮቹ የሚታመኑ ናቸው። እነዚህን ስታገኝ ሁለት ጊዜ አታስብ፤ ካላገኘህ ሞዴሉን ላክልኝና አብረን እንየው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፣ ምክንያቱም የምታያቸው ቪዲዮዎች መብራት በማይጠፋበት ሀገር የተቀረጹ ናቸው። ህዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ ደስ ብሎናል። አንተ ኮምፒውተርህን የምትሰካው ግን ግድቡ ላይ ሳይሆን ሰፈራችን ትራንስፎርመር ላይ ነው። ማታ ማታ ሰው ሁሉ ምጣዱንና ምድጃውን ሲለኩስ አምፖላችን እንዴት እንደሚደበዝዝ ታያለህ አይደል? ያኔ ሶኬቱ ላይ 220 የለም።

ለዚህ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ መድኃኒቱን ይዞት ይመጣል። ሌብሉ ላይ «ኢንፑት» ከሚለው አጠገብ 100–240 ቮልት የሚል ካየህ ቮልቱ ወደ ታች ቢወርድበትም ይችላል፤ አንድ መቶ ሰባ ብትሰጠውም ሥራውን ይሠራል። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የምትል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ያለችበት ግን ይቅርብህ። እሷ የድሮ ወይም የርካሽ አሠራር ምልክት ናት። ቮልቱ ሲወርድ እንዲህ ያለው ቶሎ እጅ ይሰጣል፣ ጌም መሀል ድርግም ይልብሃል። የባሰው ደግሞ አንዱ ሳያውቅ ወደ 115 ገፍቷት ከሰካኸው በአንድ ጥይት ድምፅ ያልቃል። ቀልድ አይደለም፣ ጥይት ነው የሚመስለው።

«የፍሪጁን ስታቢላይዘር ልውሰድ?» አይደለም፣ እናታችን ከቤት ታባርርሃለች። ደግሞም አያስፈልግህም። ለወረደ ቮልት ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ይበቃል፣ ስታቢላይዘሩ ጠቅ ጠቅ እያለ በየጊዜው ሲቀያይር ለኮምፒውተር ጥቅሙ ያን ያህል አይደለም። እኔ የምፈራው የጨመረውን ነው። መንገድ ላይ ያለው መስመር ሦስት ፌዝ ነው፣ በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ የተበጠሰ ወይም የላላ ቀን፣ ያ 380 በቤቶቹ መካከል እንደ ጭነታቸው ይከፋፈላል፤ ጎረቤት ምጣድ ላይ ሲሆን እኛ ቤት 300 ሊገባ ይችላል። ያን ቀን ነው ሰፈር ሙሉ ቴሌቪዥን ተቃጠለ ሲባል የምትሰማው። ይህን የሚችል ፓወር ሰፕላይ የለም። ስለዚህ ቮልቱ ከተወሰነ በላይ ሲሆን መስመሩን የሚቆርጥ፣ ሲመለስም ደቂቃዎች ቆይቶ የሚያገናኝ መከላከያ ከሶኬቱ ላይ አድርግ። ዋጋው ከካርዱ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። እሱ እስኪገዛ ድረስ መብራት ሲጠፋ ንቀለው። ሲመጣም ወዲያው አትሰካ፤ መጥቶ ሲሄድ፣ ሄዶ ሲመጣ ነው ዕቃ የሚጎዳው። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ዩፒኤስ ልግዛ ካልክ ግዛ፣ ግን ለምን እንደምትገዛው እወቅ። ለመጫወት አይደለም፤ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ነው። 650 ቪኤ ብሎ የሚጽፈውን ቁጥር እንደ ዋት አትቁጠረው፣ በዋት ሲነበብ ብዙውን ጊዜ ከ400 በታች ነው። አንተ ጌም ላይ እያለህ ኮምፒውተርህና ስክሪንህ ከግድግዳ የሚስቡት ወደ 380 ዋት ነው፤ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ ማለት ነው። ከፍ ያለውን ውሰድና ዋቱን አንብብ። ሌላው፣ ርካሽ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ሲሆን የሚሰጠው ሞገድ ንጹሕ አይደለም፣ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ንጹሑን ለመምሰል ይሞክራል። አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባለው አሠራር ያለው ጥሩ ፓወር ሰፕላይ አንዳንዱ ይህን ሞገድ አይወድም፤ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ዩፒኤሱ እያለ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ሰው ያኔ ፓወር ሰፕላዩን ይሰድባል፣ እሱ ግን የተሰጠውን ነው የጠላው። ብር ካለህ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚለውን ግዛ። ከሌለህ ደግሞ የያዝከውን ሞክረው፤ ምንም ያልተቀመጠ ሥራ ሳይኖርህ ጌም ክፈትና የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ንቀለው። ኮምፒውተሩ ከቆየ ተስማምተዋል። አንዱን ምንጭ ትቶ ወደ ሌላው ለመሻገር ዩፒኤሱ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ያለ ምንም መብራት ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ ያህል በያዘው ይቆያል። ርካሹ እዚህችም ላይ ይቆጥባል።

ኬዙን ስትነካ ይነዝርሃል አይደል፣ የድሮው ኮምፒውተርህ? እሱን ሰው ሁሉ «ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል» ይለዋል። ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ የመስመሩን ጫጫታ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉት፣ ከሁለቱ ገመዶች ወደ ብረቱ አካል የሚያገናኙ። ያ ብረት በሦስተኛው መስመር ወደ መሬት መውረድ አለበት። እኛ ቤት ሶኬቱ ላይ የመሬት መስመሩ ቦታ አለ፣ ከኋላው ግን ምንም አልታሰረም። መውረጃ ሲያጣ ኬዙ ከ220 ግማሹን ያህል ይይዝና ጣትህን ይነክሳል። ኮረንቲው በጣም ትንሽ ስለሆነ አይገድልም፣ ግን ቴሌቪዥን ስትሰካ ወይም ኤችዲኤምአይ ስትነቅል ዕቃ ሊጎዳ ይችላል። አስቂኙ ነገር፣ አንዳንዱ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ አይነዝርም። ለምን? ማጣሪያዎቹን ስላላስገቡበት። ከዚያ ሰው «ይሄ ይሻላል፣ አይነዝርም» ይላል! አንተ እንዲህ እንዳትል። መፍትሔው ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ መሬት ውስጥ ዘንግ አስቀብሮ ሶኬቱን በትክክል ማሳሰር ነው። ከኒውትራሉ ጋር ላገናኝልህ የሚል ከመጣ ሻይ አጠጣውና ሸኘው። ያ ያልኩህ ኒውትራሉ የሚበጠስበት ቀን፣ ኬዙ ላይ የሚመጣው መንዘር ብቻ አይደለም።

ከውጭ ይምጣልኝ ያልከው ሐሳብ መጥፎ አይደለም። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለ ዋናው ነገር ያው 100–240 የሚለው ነው፤ እዚያ የሚሸጡ ጥሩ ሞዴሎች ብዙዎቹ እዚህም ይሠራሉ። የሚመጣበት ገመድ ግን የእነሱ ነው። ማስማሚያ እየፈለግክ አትንከራተት፣ የዴስክቶፕ ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካው ጫፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚሁ ባለ ክብ እግሩን ግዛና ቀይር። የዱባዩም እንዲሁ፣ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው የሚመጣው። ማስማሚያዎቹ ብዙዎቹ የመሬት መስመሩን ስለሚቆርጡት አሁን የነገርኩህን ነገር ሁሉ ከንቱ ያደርጉታል። ያገለገለ ግን አትግዛ፣ በተለይ ማን ምን ላይ እንዳዋለው የማይታወቅ። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃሉ፣ ከውጭ ተወልውሎ አዲስ ሊመስል ይችላል።

ጓደኛህ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ካርድ ሊጨምርበት ነው አልከኝ? ብልህ ልጅ ነው፣ ግን አንድ ነገር ንገረው። የእነዚህ ፓወር ሰፕላይ ትንሽ ቢሆንም ሐቀኛ ነው፤ ችግሩ ብዙዎቹ ላይ ማዘርቦርዱ የሚሰካበት መሰኪያ የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገባላቸውም። ለእሱ የሚሆነው ኃይሉን ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ብቻ የሚያገኝ ካርድ ነው፣ ያ ማስገቢያ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ጂቲኤክስ 1650 እና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በ75 ዋት የሚሄዱ ናቸው። ሲገዛ ግን ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቀውን እትም እንዳያመጣ ካርዱን አገላብጦ ይየው።

ገመድ ስል፣ ያንተ ሞጁላር ከሆነ፣ ማለት ገመዱ ከራሱ ተነቅሎ የሚወጣ ከሆነ፣ ገመዶቹን በአንድ ከረጢት አድርገህ የሞዴሉን ስም ጻፍባቸው። የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ፣ ሌላው ቀርቶ የዚያው ኩባንያ የሌላ ሞዴል ገመድ፣ ቢገባም አትሰካ። በዕቃው በኩል ያለው ጫፍ ይመሳሰላል፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን ኩባንያው እንደፈለገው ነው የሚደረድረው። 12 ቮልቱ የ5 ቮልቱ ቦታ ላይ ሲገባ ኤስኤስዲህ የት ሄደ ትላለህ። የፕሮሰሰሩና የካርዱ ባለ ስምንት ፒን መሰኪያዎችም ይመሳሰላሉ፤ አራትና አራት ሆኖ የሚከፈለው የፕሮሰሰሩ፣ ስድስትና ሁለት የሆነው የካርዱ ነው። አልገባ ካለ አታስገድደው። አዲሱ ባለ 16 ፒን መሰኪያ ያለው ካርድ ከገዛህ ደግሞ እስከ መጨረሻው ገፍተህ ክፍተት እንደሌለ በዓይንህ አረጋግጥ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ የአርቲኤክስ 4090 መሰኪያ ቀለጠ እየተባለ ዓለም ያወራው፣ ኤንቪዲያም በደንብ ያልተገፋ መሰኪያ አገኘሁ ያለው በዚህ ነው። ላንተ 3060 ግን ብዙውን ጊዜ ባለ ስምንቱ ይበቃል።

ሰው የማያነሳው አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ሌብል ላይ ተራራና 2000 ሜትር የሚል ምልክት ታያለህ። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት በደንብ አይወስድም፣ በተጠጋጉ መስመሮች መካከል ኤሌክትሪክ ለመዝለልም ይቀለዋል። ኮምፒውተርህ ነገ ይቃጠላል ማለቴ አይደለም፣ ሰው እዚህ ሲሠራበት ኖሯል። ነገር ግን አፍ እስከ ገደፍ የሞላ ፓወር ሰፕላይ እዚህ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ይግላል፣ 650 ያልኩህ ለዚህም ነው። ከሥሩ ያለውን አቧራ መከላከያ መረብ በየጊዜው አራግፈው፣ ኬዙንም ምንጣፍ ላይ አታስቀምጠው፤ ፋኑ አፉ በምንጣፍ ይታፈናል።

ሲበላሽ አትክፈተው። ከግድግዳ ነቅለኸውም ቢሆን ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ወደ 400 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። እኔ እንኳ ምክንያት ካላገኘሁ አልከፍትም።

ብር አልበቃኝም ካልክ ደግሞ መስታወት ያለውን ኬዝ ተወው፣ ሜሞሪውን በ16 ጀምር፣ ወይም ካርዱን አርኤክስ 6600 አድርገው፤ 132 ዋት ብቻ ይበላል፣ ለአንተ ስክሪን ደግሞ ይበቃል። እነዚያን ሁሉ በኋላ መጨመርና መቀየር ይቻላል።

ካርቶኑ ላይ የአሥር ዓመት ዋስትና የሚል ካየህ ደስ ይበልህ፣ አምራቹ በሥራው እንደሚተማመን ያሳያል፤ ግን ያ ዋስትና ፋብሪካው ጋ ነው፣ አንተ ደግሞ እዚህ። ስለዚህ የሚያዋጣህ የሱቁ ወረቀት ነው። እዚያው ኮምፒውተር ላይ አሰካው፣ ሲሠራ እይ፣ ስንት ወር እንደሚቀይሩልህ ደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ያስቀምጡልህ፣ ሞዴሉንና ሲሪያል ቁጥሩንም ይጻፉበት፣ ማኅተም ይምቱበት። ከዚያ ሱቁን ሳትወጣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ አንተ ትጥለዋለህ።